ከብሩ በፊት ገጹን ቁጠሩ፦ ለቤት ውስጥ ቢሮ ፕሪንተር ለመግዛት ላሰባችሁ

ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል። ልጆቹ ተኝተዋል። ሳሎናችን ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል የመመረቂያ ጽሑፉን ማስረከብ አለበት። ባለቤቴ 94 ገጹን ጽፋ፣ ማውጫውን ሠርታ፣ የፊደል ግድፈቱን አርማ ጨርሳለች። የቀረው ማተም ብቻ ነው። 61ኛው ገጽ ደብዘዝ ብሎ ወጣ። 62ኛው መስመር መስመር እየሠራ ወጣ። 63ኛው ነጭ ወረቀት ሆኖ ወጣ።

ባለቤቴ ማሽኑን አጥፍታ አበራችው። ካርትሪጁን አውጥታ ነቅነቅ አድርጋ መለሰችው። ምንም የለም፤ ቀለሙ አልቋል። በዚያ ሰዓት ክፍት የሚሆን ሱቅ አልነበረም። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሰፈር ወዳለው የፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳ፣ ባለቤቱን ደጅ ጠንታ፣ ጽሑፉን በገንዘቧ አሳትማ ለልጁ አደረሰችለት። የተቀበለችውንም ክፍያ መለሰችለት።

እርሷ ስትመለስ እኔ ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን እያሰርሁ ነበር። ልናገረው የማይገባኝን ቃል ተናገርሁ። «ሁለት ወር ሙሉ ሌት ተቀን ትሠሪያለሽ፤ ገንዘቡ ግን የት ነው የሚገባው?» አልኋት። መልስ አልሰጠችኝም። ማታ ስመለስ ግን ጠረጴዛው ላይ የደረሰኞች ክምር ጠበቀኝ። ሁሉም የቀለም መግዣ ደረሰኞች ነበሩ። ደመርኋቸው። ባለቤቴ በሁለት ወር ካገኘችው ገቢ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በቀለም አልቆ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ፕሪንተሩን የገዛሁት እኔ ነኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሁለተኛ ልጃችን ሲወለድ ባለቤቴ የጸሐፊነት ሥራዋን ትታ ከቤት ሆና የጽሕፈትና የትርጉም ሥራ ልትጀምር ተስማማን። አንድ ቅዳሜ ላስደስታት ብዬ ሳልነግራት ወደ መርካቶ ወጣሁ። ለሻጩ ያቀረብሁለት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ከሁሉም ርካሹ የትኛው ነው?» እርሱም አንዱን አወረደልኝና፣ «ስሪ ኢን ዋን ነው፤ ፕሪንት ያደርጋል፣ ኮፒ ያደርጋል፣ ስካን ያደርጋል። ደግሞም ከለር ነው» አለኝ። ምን ቀረ? ከፍዬ ይዤ ሄድሁ። ዐሥር ዓመት ሙሉ በቢሮ ማሽን ስትሠራ የኖረችውን ባለቤቴን አንዲት ቃል እንኳ አልጠየቅኋትም። «ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው በእኔ ደረሰ።

የማሽኑን ስም አልጠራም። ችግሩ የአንድ ፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ ከማሽኑም ይልቅ የአመራረጤ ነበር። ብዙዎቻችን በቤታችን ትንሽ ቢሮ ለመክፈት በምናስብበት በዚህ ጊዜ ከእኛ ስሕተት ሌላው ቢማር በማለት የተማርነውን እነሆ።

ርካሽ ማሽን ለምን ርካሽ ሆነ?

ነገሩ ምሥጢር አይደለም። ብዙ የፕሪንተር ፋብሪካዎች ትንንሽ ማሽኖችን በትንሽ ትርፍ፣ አንዳንዴም ያለ ትርፍ ይሸጣሉ። ትርፋቸውን የሚሰበስቡት ከቀለሙ ነው። ላሟን በርካሽ ሸጦ መኖዋን ዕድሜ ልክ በውድ እንደ መሸጥ ማለት ነው። ላሟን የገዛ ሰው መኖውን መግዛቱ አይቀርምና።

በዚያ ላይ ከአዲስ ማሽን ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ቀለም ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደለም፤ «ማስጀመሪያ» የሚባል፣ በሱቅ ከሚሸጠው ያነሰ ነው። የእኛ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አለቀ። ጥቁሩንና ባለ ቀለሙን ካርትሪጅ ለመተካት ስንሄድ የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ የማሽኑን ዋጋ ሊያክል ምንም አልቀረውም። ያን ቀን መንቃት ነበረብን። እኛ ግን አንዴ ገብተንበታልና እያልን ሁለት ወር ቀጠልን።

አንድ ደብተር፣ አንድ ወር

ከዚያ ማታ በኋላ ባለቤቴ አንድ ነገር ሐሳብ አቀረበች። «ሌላ ማሽን ከመግዛታችን በፊት ምን እንደምናትም እንወቅ» አለች። የልጆቹን አሮጌ ደብተር ወስዳ በአራት ዐምድ ከፈለችው፤ የደንበኛ ጥቁር ጽሑፍ፣ የልጆች ትምህርት፣ ባለ ቀለም፣ በነጻ። እያንዳንዱ የታተመ ገጽ በዚያው ቀን ተጻፈ። በወሩ መጨረሻ የወጣው ቁጥር ይህ ነበር።

የደንበኞች ጥቁር ጽሑፍ፦ 480 ገጽ።
የልጆች መልመጃና የትምህርት ወረቀት፦ 60 ገጽ።
ባለ ቀለም (የሠርግ ፕሮግራም፣ ፎቶ ያለበት የሥራ ማመልከቻ)፦ 30 ገጽ።
በነጻ የታተመ፦ 70 ገጽ።
ድምር፦ 640 ገጽ።

ይህ ደብተር ሁለት ነገር አስተማረን። አንደኛ፣ እኔ የተማረክሁበት «ከለር» ከሃያ ገጽ አንዷን እንኳ በወጉ አይሞላም፤ የባለቤቴ እንጀራ ጥቁር ጽሑፍ ነው። ሁለተኛ፣ «አንዲት ገጽ ብቻ» እያሉ የሚመጡ ዘመድ፣ ጎረቤትና የመዘምራን ጓደኞች በወር 70 ገጽ ይደርሳሉ። ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ለወዳጅ ማተም መልካም ነው። ነገር ግን ስጦታ መሆኑንና መጠኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያልተቆጠረ ስጦታ ቤት ውስጥ ጠብ ይሆናል።

እናንተም ገና ፕሪንተር ካልገዛችሁ ለአንድ ወር በፎቶ ኮፒ ቤት የምታሳትሙትንና ደንበኞች የሚጠይቋችሁን ቁጠሩ። በወር 30 ገጽ የሚያትም ቤትና 600 ገጽ የሚያትም ቤት አንድ ዓይነት ማሽን ሊገዙ አይገባም። በወር 30 ገጽ ብቻ ከሆነ ምናልባት ማሽን መግዛት አያስፈልጋችሁ ይሆናል፤ የሰፈሩ ፎቶ ኮፒ ቤት ይበቃችኋል።

ሦስት ዓይነት ማሽኖች

ስሪ ኢን ዋን ተብለው የሚሸጡት ሁሉ ያትማሉ፣ ኮፒ ያደርጋሉ፣ ስካን ያደርጋሉ። ልዩነታቸው በሚጠቀሙት ቀለም ነው።

የመጀመሪያው ባለ ካርትሪጅ ነው። ፈሳሽ ቀለም በትንሽ ዕቃ ተሞልቶ ይገጠምለታል። ማሽኑ ርካሽ፣ ቀላልና ትንሽ ነው። በብዙዎቹ የማተሚያው አፍ ከካርትሪጁ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ቀለሙ ደርቆ ቢደፈን ካርትሪጁን መቀየር ችግሩን ይፈታል። ጉዳቱ ቶሎ ማለቁ ነው። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው በሚሰጡት መረጃ መሠረት ኤች ፒ 123 ጥቁር ካርትሪጅ 120 ገጽ ገደማ፣ ካኖን ፒጂ 445 ደግሞ 180 ገጽ ገደማ ያትማሉ። ሞላ ያለ ቀለም ያላቸው «ኤክስ ኤል» የተባሉ ዓይነቶችም አሉ፤ ኤች ፒ 123 ኤክስ ኤል ጥቁር 480 ገጽ ገደማ ይሄዳል። በወር ጥቂት ገጽ ለሚያትም ቤት ይህ ማሽን ነውር የለበትም።

ሁለተኛው ባለ ታንክ ነው። ቀለሙ በጠርሙስ ተገዝቶ ማሽኑ ጎን ባለው ማጠራቀሚያ ይሞላል። ቀድሞ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች በራሳቸው ዘዴ ማሽኑ ላይ ከውጭ ጠርሙስ በቱቦ ይገጥሙ ነበር። ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንዶኔዥያ ከፋብሪካው ታንክ የተገጠመለት ማሽን መሸጥ ጀመረ፤ በኋላም ካኖን፣ ኤች ፒና ብራዘር ተከተሉ። ለምሳሌ ኤፕሰን ኤል 3250 የሚጠቀምበት 103 የተባለው ጥቁር ጠርሙስ እንደ ፋብሪካው 4,500 ገጽ ገደማ ያትማል። ማሽኑ ሲገዛ ይወደዳል፤ ገጹ ግን ይረክሳል። ጉዳቱስ? በአንዳንዶቹ የማተሚያው አፍ ከማሽኑ ጋር የተሠራ ስለሆነ ሳይሠራ ብዙ ቆይቶ ቢደርቅ ማስጠገኛው ቀላል አይሆንም።

ሦስተኛው ሌዘር ነው። ይህኛው ፈሳሽ ቀለም የለውም። ቶነር የሚባል ደቃቅ ዱቄት ወረቀቱ ላይ ያርፍና በጋለ ሮለር ውስጥ ሲያልፍ ቀልጦ ይጣበቃል፤ ወረቀቱ ሞቆ የሚወጣው ለዚህ ነው። ፈጣን ነው፤ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው፤ ውኃ ቢነካው አይለቅም፤ ሁለት ወር ሳይሠራ ቢቀመጥ አይደርቅም። በአገራችን ቢሮዎች የሚታወቁት ኤች ፒ 85ኤ እና ካኖን 725 ቶነሮች እያንዳንዳቸው 1,600 ገጽ፣ የቆየው ኤች ፒ 12ኤ 2,000 ገጽ ገደማ ያትማሉ። በየከተማው እነዚህን የሚሞሉ ባለሙያዎች አሉ። ጉዳቱ ባለ ጥቁር ብቻ የሆነው ሌዘር ከለር አለማተሙ፣ ባለ ከለሩ ደግሞ ማሽኑም ቶነሩም ውድ መሆኑ ነው።

እነዚህ የገጽ ቁጥሮች የተለኩት ከወረቀቱ ላይ አምስት በመቶ ያህሉን ብቻ በሚሸፍን ጽሑፍ እንደሆነ ልብ በሉ። ፎቶ፣ ጥቁር ሰንጠረዥና ወፍራም ርእስ የበዛበት ገጽ ከዚያ በላይ ቀለም ይወስዳል። ባለ ታንክ ማሽን ደግሞ መጀመሪያ ሲሞላ ቱቦዎቹን ለመሙላት ጥቂት ቀለም ይጠጣል፤ የመጀመሪያው ጠርሙስ ቶሎ ቢያልቅ አትደንግጡ።

አሁን የእኛን 640 ገጽ እዚህ ላይ እናምጣው። 120 ገጽ በሚያትም ካርትሪጅ በወር ከአምስት በላይ ካርትሪጅ እንፈልጋለን። 1,600 ገጽ የሚያትም ቶነር ሁለት ወር ተኩል ያቆየናል። 4,500 ገጽ የሚያትም ጠርሙስ ሰባት ወር ይሄዳል። ዋጋ ሳንጠይቅ እንኳ ነገሩ ግልጽ ነው።

ማካፈል የምትችሉ ሁሉ ልታሰሉት የምትችሉት ሒሳብ

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራር ከተለወጠ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ብዙ ተለዋውጧል፤ ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ዋጋ የምሳሌ ብቻ ነው። ሒሳቡን ያዙ፤ ዋጋውን ከገበያው ጠይቃችሁ አስገቡበት። አሠራሩ አንድ ነው፦ የቀለሙን ዋጋ ለሚያትመው ገጽ አካፍሉት።

ካርትሪጁ 1,800 ብር ቢሆንና 120 ገጽ ቢያትም አንዱ ገጽ 15 ብር ይመጣል። ቶነሩ 3,200 ብር ቢሆንና 1,600 ገጽ ቢያትም አንዱ ገጽ 2 ብር ነው። ጠርሙሱ 1,800 ብር ቢሆንና 4,500 ገጽ ቢያትም አንዱ ገጽ 40 ሳንቲም ነው። ወረቀትና መብራት በሦስቱም ላይ እኩል ተጨማሪ ናቸው እንበል።

አሁን አንድ ደንበኛ ለአንድ ገጽ ሕትመት 10 ብር ይከፍላል ብላችሁ አስቡ። በመጀመሪያው ማሽን እያንዳንዱ ገጽ 5 ብር ያከስራል። ሥራ በበዛ ቁጥር ኪሳራው ይበዛል። ሌሊቱን ሙሉ የምትሠራ ሴት ጠዋት ኪስዋ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ባለቤቴ አላባከነችም፤ ሰነፍም አልነበረችም። እኔ የገዛሁላት ማሽን በተቀመጠችበት ይበላት ነበር።

ሒሳቡን ወደ ሁለት ዓመት ውሰዱት። በወር 640 ገጽ በሁለት ዓመት 15,360 ገጽ ይሆናል። ርካሹ ማሽን 6,000 ብር ቢሆን ከቀለሙ ጋር 236,400 ብር ይደርሳል። ሌዘሩ 25,000 ብር ቢሆን ከቶነሩ ጋር 55,720 ብር ነው። ባለ ታንኩ 22,000 ብር ቢሆን ከቀለሙ ጋር ወደ 28,000 ብር ይሆናል። የተወደደው ማሽን ረከሰ፤ የረከሰው ተወደደ።

«ካርትሪጁን በመርፌ እንሙላው» የሚሉ አሉ፤ እኛም ሞክረናል። አንዳንዴ ይሠራል፤ አንዳንዴ ያፈስሳል፤ አንዳንዴም ማሽኑ ቺፑን አይቶ «አላውቀውም» ይላል። የራስን ጥቂት ወረቀት ለማተም ሊጠቅም ይችላል። የደንበኛ ቀጠሮ ላለበት ሥራ ግን እምነት አይጣልበትም።

ኮፒና ስካን፦ ችላ የምንላቸው ሁለቱ ሥራዎች

ስሪ ኢን ዋን ስንገዛ ሁላችንም የምናየው ማተሙን ነው። ለቤት ውስጥ ቢሮ ግን ሌሎቹ ሁለቱም እንጀራ ናቸው። መታወቂያ ኮፒ የሚያደርግ፣ የትምህርት ማስረጃውን ስካን አድርጎ ውጭ አገር የሚልክ፣ የልደት የምስክር ወረቀት የሚያስተረጉም ሰው ብዙ ነው።

መጀመሪያ የምትጠይቁት ወረቀት በራሱ የሚስብ መጋቢ ከላይ አለው ወይ ብላችሁ ነው። መስታወቱ ላይ አንድ በአንድ እያስቀመጡ 40 ገጽ ውል ስካን ማድረግ ግማሽ ቀን ይበላል፤ መጋቢ ያለው ማሽን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። በሌላ በኩል መታወቂያ፣ ፓስፖርትና መጽሐፍ ስካን የሚደረጉት መስታወቱ ላይ ነው። በወር አንዴ ብቻ ረጅም ሰነድ የሚገጥማችሁ ከሆነ ለመጋቢው ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ። እንደ ካኖን ኤም ኤፍ 3010 ያሉ አንዳንድ ሌዘሮች ደግሞ የመታወቂያውን ፊትና ጀርባ በአንድ ወረቀት ላይ የሚያወጣ ቁልፍ አላቸው፤ ለኮፒ ሥራ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ይህ ማሽን ግን ዋይ ፋይም መጋቢም የለውም። ሁሉን አሟልቶ የያዘ በርካሽ አይገኝም።

ሻጩ ስለ ስካነሩ ትልቅ ቁጥር ሲጠራ አትደነቁ። ለሰነድ 300 ዲፒአይ ይበቃል። አሮጌ የቤተሰብ ፎቶ ለማስቀመጥ 600 መልካም ነው። ቁጥሩን እጥፍ ስታደርጉት የምስሉ ነጥቦች አራት እጥፍ ይሆናሉና ፋይሉ ይከብዳል፤ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ለመላክ ያስቸግራል። ደግሞም ስካን የተደረገ ገጽ ፎቶ እንጂ የሚታረም ጽሑፍ አይደለም። «የአማርኛውን መጽሐፍ ስካን አድርጌ በኮምፒውተር አርመዋለሁ» ብላችሁ ካሰባችሁ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ፕሮግራም አማርኛ ማንበብ አለማንበቡን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እንደ ቴሴራክት ያሉ ነጻ ፕሮግራሞች አማርኛ ያነባሉ፤ ሆኖም ያነበቡትን ሰው ማረም አለበት።

አንድ ሌላ ነገር። አንዳንድ ማሽኖች ቀለም ሲያልቅ ማተም ብቻ ሳይሆን ስካን ማድረግም እምቢ ይላሉ። ቀለም ከስካን ጋር ምን አገናኘው? ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ይከሰታል። ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

መብራትና ከአሜሪካ የመጣ ስጦታ

ሌዘር ዱቄቱን ለማቅለጥ ሮለሩን ሲያግል በጥቂት ሴኮንድ ብዙ መቶ ዋት ይስባል፤ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ሲል ታያላችሁ። ፈሳሽ ቀለም የሚጠቀሙት ግን ከአንድ አምፖል ብዙም አይበልጡም። ስለዚህ ሌዘርን ለኮምፒውተር በምንጠቀምበት ትንሽ ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ፤ ዩፒኤሱን ያቃጥላል ወይም ያጠፋዋል። መብራት በሚበዛና በሚያንስበት ሰፈር ለማሽኑ አቅም የሚመጥን ስታቢላይዘር አድርጉ። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበትና በባትሪ ወይም በሶላር በሚሠራበት ቤት ባለ ታንኩ ይመቻል።

ብዙዎቻችን አሜሪካ ዘመድ አለን። «ስመጣ ፕሪንተር ይዤላችሁ ልምጣ?» ብለው በፍቅር ይጠይቃሉ። ከማመስገናችሁ በፊት ሁለት ነገር አስታውሷቸው። በዚያ የሚሸጥ ሌዘር ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለ110 ቮልት ነው፤ የእኛ መብራት 220 ነው። እንደ ወረደ ከተሰካ ያቃጥለዋል። ለሌዘር የሚበቃ ትራንስፎርመር ደግሞ ትልቅና ውድ ነው። ባለ ፈሳሽ ቀለሞቹ ብዙዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይሠራሉ፤ ከጀርባው የተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይነበባል።

ሁለተኛው የቀለሙ ቁጥር ነው። ፋብሪካዎች ቀለማቸውን በአህጉር ከፋፍለው ይሸጣሉ። በአሜሪካ ኤች ፒ 65 የሚባለው በአውሮፓ 304፣ በእኛ በኩል 123 ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። ስጦታው መጥቶ ቀለሙ አዲስ አበባ ላይ ሲጠፋ ለዘመድም ለእናንተም ኀዘን ነው። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ከወጡት የኤች ፒ ማሽኖች መካከል በስማቸው መጨረሻ «ኢ» የሚል ፊደል ያላቸው አንዳንዶቹ ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር እንዲገናኙና የፋብሪካውን ቀለም ብቻ እንዲቀበሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። የሚሻለው ዘመዳችን ገንዘቡን ቢልክልንና እዚሁ ብንገዛ ነው።

ሱቅ ስትደርሱ

ባለቤቴ በሁለተኛው ጊዜ ወደ ገበያ ስትወጣ እኔ ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ ነው የሄድሁት። በወረቀት ጽፋ የያዘቻቸው ጥያቄዎች እነዚህ ነበሩ።

የዚህ ማሽን ቀለም ቁጥሩ ስንት ነው? ዛሬ በዚህ ሱቅ አለ? ሌላ ሱቅስ? (ሦስት ሱቅ ገብታ አረጋገጠች።)

ስንት ገጽ ያትማል? በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አሳየኝ።

ጥቁሩ ቀለም ውኃ ሲነካው ይለቃል? (ይህን የጠየቀችው ከባለ ታንኮቹ አንዳንዶቹ ጥቁራቸው ውኃ ሲነካው የሚፈስ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ የማይለቅ ስለሆነ ነው።)

በወረቀቱ ሁለት ገጽ በራሱ ያትማል? (ካላተመ በእጅ መገልበጥ ይቻላል፤ ግን ለብዙ ገጽ አድካሚ ነው።)

በስልክ ያለ ገመድ ይታተማል? (ደንበኞች ፋይላቸውን የሚልኩት በቴሌግራም ስለሆነ ዋይ ፋይ ቅንጦት አይደለም።)

ዋስትናው የማን ነው? ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? የት?

በመጨረሻም ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች። በውስጡ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ፣ አንድ ሰንጠረዥና አንድ ፎቶ ነበሩ። «እባክህ ወንድሜ፣ እነዚህን አትምልኝ» አለችው። አንዳንዱ ሻጭ ፊቱን አጠቆረ፤ አንዱ ግን በደስታ አተመላት። የገዛነው ከእርሱ ነው።

ምን ገዛን? ባለ ታንክ። ምክንያቱ በደብተሩ ላይ ነበር፤ ሥራችን በየቀኑ ስለሆነ ቀለሙ አይደርቅም፤ ጥቂትም ቢሆን ከለር አለን፤ ሰፈራችን መብራት ይጠፋበታል። ይህ ግን የእኛ መልስ ነው። ሥራው ውልና የፍርድ ቤት ማመልከቻ ብቻ የሆነ፣ አንድ ሳምንት ሠርቶ ሁለት ሳምንት የሚያርፍ ሰው ሌዘር ይሻለዋል።

ከገዛችሁ በኋላ

ባለ ፈሳሽ ቀለም ማሽን በሳምንት አንድ ባለ ከለር ገጽ ይታተምበት። ስታጠፉት በራሱ ቁልፍ እንጂ ከሶኬት ነቅላችሁ አይሁን፤ በቁልፉ ሲጠፋ የማተሚያውን አፍ ወደ ማረፊያው መልሶ ይከድነዋልና አይደርቅም። «ማጽዳት» የሚለውን ትእዛዝ ሳያስፈልግ አትደጋግሙ፤ ቀለም ይጠጣል። ታንኩን በሌላ ዓይነት ቀለም አትደባልቁ። ወረቀቱን ከእርጥበት ጠብቁ፤ እርጥበት የነካው ወረቀት ይታጠፋል፣ ይነክሳል። ከአንድ ደስጣ 500 ቅጠል ውስጥ የምትጠቀሙበትን ያህል አውጥታችሁ ሌላውን በእሽጉ ተዉት። ደንበኛ በፍላሽ ያመጣው ፊደል ኮምፒውተራችሁ ላይ ተበላሽቶ ቢታይ ፕሪንተሩን አትውቀሱ፤ ፊደሉ በሌላ ፕሮግራም የተጻፈ ይሆናል። ፒዲኤፍ አድርጎ እንዲያመጣ ጠይቁት።

በነጻ ስለሚታተመው ደግሞ በቤታችን አንድ ስምምነት አደረግን። ለወዳጅ በወር 50 ገጽ ስጦታችን ነው፤ ደብተሩ ላይ እናገኘዋለን። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ማንም አልተቀየመንም። እንዲያውም አንዳንዶች ሳንጠይቃቸው ወረቀት ይዘው መምጣት ጀመሩ።

አሮጌው ማሽን ዛሬም ቁም ሣጥኑ ላይ አለ። ልጆቹ «ለምን አንጥለውም?» ይላሉ። እኔ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። የሚያስታውሰኝ የቀለም ዋጋን ብቻ አይደለም። በባለቤቴ ሥራ ላይ እርሷን ሳልጠይቅ መወሰኔን፣ ከዚያም የእኔን ስሕተት በእርሷ ላይ መቁጠሬን ያስታውሰኛል። ደረሰኞቹን ደምሬ የጨረስሁ ማታ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። እርሷም ፈገግ ብላ፣ «ለሚቀጥለው ፊት ለፊት ጠይቀኝ» አለችኝ።

ባለፈው ወር ደብተሩን ስገልጥ አንድ አዲስ ዐምድ አየሁ። በእጅ ጽሑፏ «ትርፍ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከሥሩ ያለውን ቁጥር አልነግራችሁም፤ ትልቅ አይደለም። ግን የድካሟ ዋጋ ነው፤ ደግሞም ቤታችን ገብቷል።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በመጪው ቅዳሜ ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። ገጹን ቁጠሩ። ማሽኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሠራውን ሰው ደግሞ፣ ባላችሁም ይሁን ሚስታችሁ ወይም ልጃችሁ፣ «አንተ፣ አንቺ ምን ትመርጣለህ፣ ትመርጫለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብሩን ከዚያ በኋላ ትቆጥሩታላችሁ።